አውቶካድ «ፋይሉን አላገኘሁም» ሲላችሁ፦ ፓዝ እንዴት ተመርምሮ ይስተካከላል

አዳማ ላይ ፕላን በትልቅ ወረቀት የሚያትሙ ቤቶች ውስጥ የማይጠፋ ንግግር አለ፤ «ቢሮ ስከፍተው ደህና ነበር፣ እዚህ ሲከፈት ተበላሸ።» አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ዲደብሊውጂ፣ ማለትም የፕላን መሳያው ፕሮግራም የአውቶካድ ድሮዊንግ ፋይል፣ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ አይዞርም። መስመሩንና ጽሑፉን ይይዛል፤ የፎንቱን፣ የሲቲቢውን (ሲታተም የመስመሩን ውፍረትና ቀለም የሚወስነው ፋይል)፣ የኤክስሬፉን (ከውጭ የተያያዘ ሌላ ድሮዊንግ) እና የምስሉን ግን ስማቸውን ነው የሚመዘግበው። አውቶካድ ፋይሉን ሲከፍት እነዚህን ስሞች ይዞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፍለጋ ይገባል። የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ፓዝ ይባላል። ዝርዝሩ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል፤ አንድ ኮምፒውተር ላይም በሌላ የዊንዶውስ ዩዘር ከገባችሁ ሌላ ዝርዝር ነው የሚጠብቃችሁ።

ብዙ ቢሮ የሚታየው ልማድ፣ የጎደለው ምንም ይሁን ምን ኦፕሽንስ ከፍቶ ሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ ላይ አዲስ ፎልደር መደርደር ነው። ዝርዝሩ እየረዘመ ይሄዳል፣ ግማሹ የሌለ ፎልደር ይሆናል፣ ችግሩ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ፎልደር ከመጨመራችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ የጎደለው ፋይል ዓይነቱ ምንድን ነው? አውቶካድስ አሁን እያነበበ ያለው የትኛውን ቅጂ ነው? የሁለቱ መልስ ከተገኘ ጥገናው የደቂቃ ሥራ ነው።

የትእዛዞቹንና የሜኑዎቹን ስም እዚህ የጻፍነው እንደሚነበቡት ነው፤ ኮማንድ ላይን ላይ ስታስገቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ

ኮማንድ ላይን ላይ ኦፒ ብላችሁ ኢንተር ስትሉ የኦፕሽንስ መስኮት ይከፈታል። ፋይልስ የሚለውን ታብ ስትጫኑ የፓዞቹ ዛፍ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱ የፋይል ዓይነት አለው።

ሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ ብዙውን ሸክም ይይዛል። የኤስኤችኤክስ ፎንቶች (የአውቶካድ የራሱ የፎንት ዓይነት)፣ የላይንታይፕ (የመስመር ዓይነት) ፋይሎች፣ የራሳችሁ የሃች (የመሙያ) ፓተርኖች፣ የሊስፕ ፕሮግራሞች (አውቶካድ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች)፣ የሜኑ ፋይሎችና የትእዛዝ ማሳጠሪያው የፒጂፒ ፋይል እዚህ ይፈለጋሉ። ፕሪንተር ሰፖርት ፋይል ፓዝ የሚባለው ደግሞ በሥሩ ለማተሚያ የሚሆኑትን ይይዛል፦ ለፒሲ3 (የፕሪንተር ቅንብር)፣ ለፒኤምፒ (የፕሪንተሩ የወረቀት መጠኖች) እና ለሲቲቢ ወይም ለአቻው ኤስቲቢ ለየብቻ። ትረስትድ ሎኬሽንስ ፍለጋ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ኮድ ያለው ፋይል ያለ ጥያቄ እንዲጫን የሚፈቀድባቸው ፎልደሮች ናቸው። ፕሮጀክት ፋይልስ ሰርች ፓዝ ለኤክስሬፍ ነው። የማቴሪያል ምስሎች ቴክስቸር ማፕስ ሰርች ፓዝ ላይ፣ የቴምፕሌት ፋይሎች ቴምፕሌት ሴቲንግስ ላይ ናቸው።

ከዚህ ዛፍ ውስጥ የማታገኙት አንድ ነገር አለ፦ የቲቲኤፍ ፎንት። እሱ የዊንዶውስ ንብረት ነው፤ በአውቶካድ ፓዝ ላይ የቱንም ያህል ፎልደር ብትደረድሩ አይመጣም። ወደ አማርኛ ጽሑፍ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የትኛውን ቅጂ ነው የሚያነበው?

ሰፖርት ፋይል ሲፈለግ ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ አሁን ያለበት ፎልደር፤ ይኸውም በአውቶካድ ሾርትከት ፕሮፐርቲስ ላይ ስታርት ኢን በሚለው ሣጥን የተጻፈው ነው። ሁለተኛ፣ የተከፈተው ድሮዊንግ ያለበት ፎልደር። ሦስተኛ፣ በሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ ላይ የተደረደሩት ከላይ ወደ ታች። በመጨረሻ የአውቶካድ ፕሮግራም ራሱ የተጫነበት ፎልደር። ስሙ የሚመሳሰል ፋይል መጀመሪያ ባገኘበት ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ በታች የተሻለ ወይም የታደሰ ቅጂ ቢኖርም አያየውም።

የዚህን ውጤት በፒጂፒ ፋይል ላይ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ኮፒ በሲ እንዲሠራለት ብሎ ከፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያገኘውን የፒጂፒ ፋይል በኖትፓድ ከፍቶ ያስተካክላል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ አውቶካድን ዘግቶ ይከፍታል። ምንም አልተቀየረም። ደግሞ ይሞክራል፣ ያው ነው። ምክንያቱ አውቶካድ የሚያነበው በዩዘሩ አፕዳታ ሥር፣ ሮሚንግ ውስጥ ያለውን ሌላ ቅጂ መሆኑ ነው፤ ያ ፎልደር በዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አፕዳታ ደግሞ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ገብታችሁ ሂድን አይተምስን ካልመረጣችሁ አይታይም።

ግምት ሳያስፈልግ መልሱን ከአውቶካድ ራሱ ጠይቁ። ኮማንድ ላይን ላይ ቅንፍ ክፈቱ፣ ፋይንድፋይል ብላችሁ ጻፉ፣ አንድ ክፍተት ተዉ፣ የፋይሉን ስም ከነኤክስቴንሽኑ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ፣ ቅንፉን ዝጉና ኢንተር በሉ። አውቶካድ የሚያነበውን ቅጂ ሙሉ አድራሻ ያወጣላችኋል። በአድራሻው ውስጥ ያሉት ወደ ኋላ የተጋደሙ መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው መታየታቸው ስህተት አይደለም፣ የሊስፕ አጻጻፍ ነው። ኒል ካላችሁ በየትኛውም የፍለጋ ቦታ ላይ የለም ማለት ነው። ይህ ሊስፕ ስለሆነ ከ2024 እትም በፊት ባለው አውቶካድ ኤልቲ (ቀለል ባለው የአውቶካድ ዓይነት) ላይ አይሠራም።

ሙሉ ዝርዝሩን በአንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ አካድፕሪፊክስ ብላችሁ ኢንተር በሉ፤ ፎልደሮቹ በሴሚኮለን ተለያይተው ይወጣሉ። ረጅም ከሆነ ኤፍ2 ተጭናችሁ በጽሑፍ መስኮቱ ላይ አንብቡት፣ ኖትፓድ ላይም ኮፒ አድርጉት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ወስዳችሁ ፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ ለጥፉ። የማይከፈተው ሁሉ የሞተ ፓዝ ነው። የፒጂፒ ፋይሉን በትክክለኛው ቦታ ካስተካከላችሁ በኋላ አውቶካድን መዝጋት አያስፈልግም፤ ሪኢኒት ብላችሁ የፒጂፒ ሣጥኑን ምልክት አድርጉ።

ፎልደር ሲጨመር

ኦፕሽንስ፣ ፋይልስ፣ ከሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ ጎን ያለውን የመደመር ምልክት ተጫኑ። አድ፣ ቀጥሎ ብራውዝ፣ ፎልደሩን መርጣችሁ ኦኬ። አዲሱ መስመር የት ቦታ እንደገባ ተመልከቱና በሙቭ አፕ እና ሙቭ ዳውን አስተካክሉት። መጨረሻ ላይ አፕላይ፣ ከዚያ ኦኬ። በኢኤስሲ ወይም በካንስል ከወጣችሁ አልተመዘገበም።

የቢሮ ፎልደር አውቶካድ ራሱ ካስቀመጣቸው መስመሮች በታች ቢሆን ይመረጣል። ከላይ የሚቀመጠው ሆን ብላችሁ የአውቶካድን ፋይል በራሳችሁ ለመተካት ከፈለጋችሁ ብቻ ነው። አውቶካድ ያስቀመጣቸውን፣ በተለይ ሰፖርት እና ፎንትስ የሚሉትን፣ «ምንም አይሠሩም» ብላችሁ አታጥፉ፤ ላይንታይፕ ስትጭኑ የሼፕ ፋይል የለም የሚል መልእክት ከመጣ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ተሰርዞ ነው።

ንዑስ ፎልደር አይፈለግም። ዲ ድራይቭ ላይ ካድ የሚል ፎልደር ጨምራችሁ ፎንቶቹ ግን በውስጡ ባለ ሌላ ፎልደር ካሉ አውቶካድ አያገኛቸውም፤ የውስጠኛው ለብቻው መጨመር አለበት። ስለዚህ አንድ ቢሮ ለፎንት፣ ለሊስፕ፣ ለሃች እና ለብሎክ አራት ፎልደር ይበቃዋል። ፎልደሮቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰይሟቸው፤ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር በድሮ ሊስፕ ላይ ጣጣ ያመጣል። ዳውንሎድስን፣ ዴስክቶፕንና ሙሉ ድራይቭን ፓዝ ላይ መጨመር ግን ይቅር። ከኢንተርኔትና ከቴሌግራም የወረደ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ አውቶካድ የማታውቁትን ፋይል ከመካከሉ ሊያነሳ ይችላል።

የሃች ፓተርን ላይ ፓዙ ልክ ሆኖ አሁንም ካልታየ የፋይሉን ስም እዩ። በራሱ ፋይል የሚቀመጥ ፓተርን የፋይሉ ስምና በውስጡ በመጀመሪያው መስመር ከኮከቡ ቀጥሎ የተጻፈው ስም አንድ መሆን አለባቸው። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይዛባል።

ጽሑፉ ጥያቄ ምልክት ሲሆን፣ አማርኛው ሲንጫጫ

ድሮዊንጉ ሲከፈት ኤስኤችኤክስ ፋይል ጎድሏል የሚል መስኮት ከመጣ የፎንቱን ስም ጻፉት፤ ቸኩላችሁ ኢግኖር አትበሉ። ምትክ ፎንት ሲገባ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ጽሑፍ ከሠንጠረዡ ይወጣል፣ የብረት ዝርዝሩ ላይ የዲያሜትር ምልክቱ ጥያቄ ምልክት ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ለግንባታ ፈቃድ የገባ ስትራክቸራል ፕላን ተመላሽ ቢሆን አይገርምም። ፎንትአልት የተባለው ሲስተም ቫሪያብል የትኛው ምትክ እንደሚገባ ይወስናል፤ በነባሪ ሲምፕሌክስ ነው። እሱን መቀየር ህመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ትክክለኛውን ፎንት ከላኪው ጠይቃችሁ በፎንት ፎልደራችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ ድሮዊንጉን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ፓዝ የመቀየር ፈቃድ በሌላችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ላብ ወይም በማተሚያ ቤት፣ አቋራጭ አለ። ኤስኤችኤክስ ፋይሉን ከድሮዊንጉ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት። ሁለተኛው የፍለጋ ቦታ ድሮዊንጉ ያለበት ስለሆነ ኦፕሽንስን ሳትነኩ ያገኘዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር ሌላ ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ፣ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ የርዕስ ሣጥን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፓዝ ላይ አትድከሙ። የቲቲኤፍ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ በሉት። ባዶ ኢንስቶል የሚለው በአዳዲሶቹ ዊንዶውስ 10 እና በ11 ላይ ፎንቱን ለዚያ ዩዘር ብቻ በሌላ ፎልደር ስለሚያስቀምጠው፣ ወርድ ላይ እየታየ አውቶካድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ አውቶካድን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ኒያላ የተባለው የአማርኛ ዩኒኮድ ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ ሁልጊዜ ተጭኖ አይመጣም፤ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ ተጽፎ ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ደግሞ ቴክስት ስታይሉ ኤስኤችኤክስ ፎንት ላይ ሆኖ ነው፤ እነዚያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ኤስቲ ብላችሁ የስታይል መስኮቱን ክፈቱና ኒያላን ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ምረጡ። እዚያው መስኮት ላይ የጎደለ ፎንት ከስሙ ጎን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይኖረዋል።

ማተሚያ ቤት ላይ የሚበላሸው ሲቲቢ

ፕላኑ ስክሪን ላይ ትክክል ነው፣ ኤ1 ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ግድግዳውና የልኬት መስመሩ አንድ ውፍረት አላቸው፣ ቀለም ይኖራል ተብሎ ያልተጠበቀው ላይ ቢጫና ሰማያዊ ይወጣል። ፕሎት መስኮቱን ክፈቱና የፕሎት ስታይል ሣጥኑን እዩ። ከስሙ ጎን ሚሲንግ የሚል ካለ ሲቲቢው እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም። ስታይልስማናጀር ብላችሁ ኢንተር ስትሉ ትክክለኛው ፎልደር ራሱ ይከፈታል፤ ከፍላሻችሁ ሲቲቢውን እዚያ ገልብጡ፣ የፕሎት መስኮቱን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ፎልደሩ ካልተከፈተ ወይም ባዶ ከሆነ ብቻ ነው በኦፕሽንስ ፕሪንተር ሰፖርት ፋይል ፓዝ ሥር ያለውን የፕሎት ስታይል ቴብል ሰርች ፓዝ ማየት የሚያስፈልገው።

የከፋው ግን ሚሲንግ የማይለው ነው። ቢሮው ከአውቶካድ ጋር የመጣውን የአካድ ሲቲቢ ወይም ሞኖክሮም ሲቲቢ ከፍቶ ውፍረቱን ቀይሯል፣ በዚያው ስም ሴቭ አድርጓል። ማተሚያ ቤቱም በዚያው ስም ያልተነካ ፋይል አለው። ስሙ ስለተገኘ አውቶካድ ምንም አይናገርም፤ የማተሚያ ቤቱን ውፍረት ይጠቀማል፣ ስህተቱ የሚታወቀው ወረቀቱ ከተከፈለበት በኋላ ነው። የተለወጠ ሲቲቢ ሁልጊዜ በቢሮው ስም ይሰየም። በቢሮ ስም ከሆነ ቢያንስ ሲጎድል ይጮሃል።

ፒሲ3 ሲጠፋ የፕሪንተሩ ሣጥን ነን ይላል። ፕሎተርማናጀር የሚለው ትእዛዝ የፒሲ3 ፎልደሩን ይከፍታል። ፒሲ3ው እያለ የለመዳችሁት የወረቀት መጠን ከዝርዝሩ ከጠፋ ግን አብሮት መሄድ የነበረበት ፒኤምፒ ቀርቷል፤ ራሳችሁ የፈጠራችሁት መጠን የሚቀመጠው እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ለማተሚያ ቤት ዲደብሊውጂ ይዞ መሄድ ያለፈበት ነገር ነው። ቢሮ ላይ በራሳችሁ ሲቲቢ በ841 በ594 ሚሊ ሜትር ፒዲኤፍ አውጡና እሱን ውሰዱ፤ ማተሚያው ላይ ፊት ቱ ፔጅ እንዳይመረጥና ስኬሉ 100 በመቶ እንዲሆን ብቻ ተቆጣጠሩ።

ኤክስሬፍ

አንዱ ቢሮ አርኪቴክቸራሉን፣ ሌላው ስትራክቸራሉን ሲሠራ ኤክስሬፍ ግድ ነው። አስተናጋጁ ፋይል፣ ማለትም ኤክስሬፉ የተያያዘበት ድሮዊንግ፣ ብቻውን በቴሌግራም ከተላከ ተቀባዩ ጋ የሚታየው የኤክስሬፉ ስም የተጻፈበት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ኤክስሬፍ ብላችሁ ፓሌቱን ክፈቱ፤ ስታተሱ ላይ ኖት ፋውንድ ይላል።

የሚታዩት ሁለት መስመሮች ሴቭድ ፓዝ እና ፋውንድ አት ናቸው። የመጀመሪያው ድሮዊንጉ የሚያስታውሰው፣ ሁለተኛው በእርግጥ የተገኘበት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ተጠንቀቁ። አውቶካድ በተመዘገበው አድራሻ ካጣው የአስተናጋጁን ፎልደር፣ ከዚያ የፕሮጀክት ፓዞችን፣ ከዚያ የሰፖርት ፓዞችን፣ በመጨረሻም ስታርት ኢን ፎልደሩን ያያል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ በዚያው ስም ያለፈው ወር ቅጂ ከተቀመጠ እሱን ይጭነዋል። ኖት ፋውንድ አይልም፣ ሁሉም ልክ ይመስላል፣ የምድር ቤቱ ዓምድ ግን የድሮው ቦታ ላይ ነው።

የፓዙ ዓይነት ሦስት ነው፦ ሙሉ፣ አንጻራዊ፣ ፓዝ የሌለው። ሙሉ ፓዝ ከአንድ ኮምፒውተር ውጭ አይሠራም ብትሉ ይቀላል። አንጻራዊው የፕሮጀክቱ ፎልደር እንዳለ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ይሠራል፤ ነገር ግን አስተናጋጁ ሲ ላይ፣ ኤክስሬፉ ዲ ላይ ከሆነ አንጻራዊ ማድረግ አይቻልም። ከአውቶካድ 2018 እትም ወዲህ አዲስ የሚያያዝ ኤክስሬፍ በነባሪ አንጻራዊ ነው፤ ሬፍፓዝታይፕ ብላችሁ ብትጠይቁት 1 ይላችኋል። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ አስተናጋጁ ሴቭ ሳይደረግ አንጻራዊ ፓዝ መስጠት አይቻልም ነበር። የድሮ ፋይሎችን ለማስተካከል ፓሌቱ ላይ ኤክስሬፎቹን መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ ቼንጅ ፓዝ ታይፕ፤ የሰርቨሩ ስም ከተቀየረ ደግሞ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ የሚለው ሁሉንም በአንዴ ይለውጣል።

አዳማ ያለው ቢሮና ሳይት ላይ ያለው ላፕቶፕ የተለያየ ድራይቭ የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮጀክትኔምን ሞክሩ። ኦፕሽንስ ላይ በፕሮጀክት ፋይልስ ሰርች ፓዝ ሥር አንድ የፕሮጀክት ስም ፍጠሩ፣ ፎልደሩን ስጡት፣ ከዚያ በድሮዊንጉ ውስጥ ፕሮጀክትኔምን በዚያ ስም አድርጉት። ስሙ ከድሮዊንጉ ጋር ይሄዳል፣ ፎልደሩ ግን በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ይመዘገባል።

ለሌላ ሰው ስትልኩ ድሮዊንጉን ከተያያዙት ፋይሎች ጋር የሚጠቀልለውን ኢትራንስሚት ተጠቀሙ። ሴቲንጉ ላይ ኢንክሉድ ፎንትስ ምልክት ይኑረው፤ ዚፑ ከመላኩ በፊት ተከፍቶ ኤክስሬፎቹ፣ ኤስኤችኤክሱና ሲቲቢው መኖራቸው ይታይ። የአማርኛ ቲቲኤፍ ፎንቱ ከሌለ በእጅ ጨምሩት።

ሊስፕና የማታውቁት የሊስፕ ፋይል

ሊስፑ ሰፖርት ፓዝ ላይ እያለ አውቶካድ በከፈተ ቁጥር «ልጫነው ወይ?» የሚል ከሆነ ፓዙ ልክ ነው፣ የጎደለው ትረስትድ ሎኬሽን ነው። ከአውቶካድ 2014 እትም ጀምሮ ሁለቱ የተለያዩ ዝርዝሮች ናቸው። ፎልደሩን ትረስትድ ሎኬሽንስ ላይ ጨምሩ፤ እዚህ ከሰፖርት ፓዝ በተለየ ንዑስ ፎልደሮችንም ማካተት ይቻላል፣ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ የተጋደመ መስመርና ሦስት ነጥብ በመጨመር። ይህን ጥያቄ የሚቆጣጠረውን ሴኪዩርሎድን 0 አድርጉ የሚል ምክር በየቪዲዮው አለ። አትስሙት፤ 1 ላይ ተዉት።

ምክንያቱ እነሆ። አካድ ወይም አካድዶክ የሚል ስም ያለው የሊስፕ ፋይል አውቶካድ ወይም ድሮዊንግ ሲከፈት በራሱ ይጫናል። ቫይረስ ጸሐፊዎች የተጠቀሙበት ይህንን ነው፤ ፋይሉ በየፕሮጀክቱ ፎልደር ራሱን ይገለብጣል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸረ ቫይረስ ኩባንያው ኢሴት ይፋ ያደረገው ሜድሬ የተባለው ትል የድሮዊንግ ፋይሎችን በኢሜይል ወደ ውጭ ሲልክ ነበር። እንደ ኤክስፕሎድ ያለ ትእዛዝ ድንገት ሥራ ቢያቆም፣ ወይም ያልፈጠራችሁት አካድ የሚል የኤልኤስፒ፣ የኤፍኤኤስ ወይም የቪኤልኤክስ ፋይል ከድሮዊንጎቻችሁ ጎን ቢበቅል ጠርጥሩ። አውቶካድን ዘግታችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ፍላሹንና የፕሮጀክት ድራይቩን በስሙ ፈልጉ። ኤልኤስፒውን በኖትፓድ ከፍታችሁ የቢሮው ካልሆነ አጥፉት። ከአውቶካድ ጋር የሚመጣውን፣ ስሙ ላይ የዓመት ቁጥር ያለበትን ለምሳሌ አካድ2021 እና አካድ2021ዶክ የሚሉትን አትንኩ። በአዳዲሶቹ ላይ ሌጋሲኮድሰርች 0 መሆኑን አረጋግጡ፤ 0 ሲሆን ኮድ ያለው ፋይል ከድሮዊንጉ ፎልደርና ከስታርት ኢን አይፈለግም። የኤስኤችኤክስ አቋራጩን አይነካባችሁም።

አውቶካድ ሲከፈት ሲጎተት

ኔትዎርክ ላይ ያለ ሰርቨር ሲጠፋ ወይም ፍላሽ ሲነቀል ፓዙ ዝርዝሩ ላይ ይቀራል። አውቶካድ በየፍለጋው ያንን አድራሻ ያንኳኳል፣ ኔትዎርኩ መልስ እስኪያጣ ይጠብቃል። መክፈት፣ ኦፕን መስኮት፣ ሃች ሁሉ ይጎተታል። የሞቱትን መስመሮች ሪሙቭ በሏቸው፤ ብዙ ጊዜ ራም ከመጨመር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ፓዙ ዜድ በሚል የድራይቭ ፊደል የተመዘገበ ከሆነና አውቶካድ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ሲከፈት ብቻ ሁሉ ነገር የሚጠፋ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ለአድሚኒስትሬተሩ የተያያዙትን ድራይቮች አያሳየውም። ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ መስመሮች፣ የሰርቨሩ ስም፣ ቀጥሎ የፎልደሩ ስም በሚለው ሙሉ የኔትዎርክ አድራሻ ተኩት፤ ወይም አድሚኒስትሬተር ሆናችሁ መክፈቱን ተዉ።

ስለ መብራት አንድ ነገር፦ ሴቭፋይልፓዝ የአውቶሴቭ ፋይሎችን ቦታ ይይዛል፣ በነባሪ የቴምፕ ፎልደሩ ነው። ማጽጃ ሶፍትዌር የሚያሄድ ቢሮ መብራት በጠፋ ማግስት የሚፈልገውን ፋይል ራሱ ጠርጎታል። ዲ ድራይቭ ላይ ለዚሁ አንድ ፎልደር ስጡት፣ ፍላሽ ግን አይሁን። ሴቭታይምን ከ10 ደቂቃ ወደ 5 አውርዱት። እዚያ የሚገኘውን የኤስቪ ዶላር ፋይል ኤክስቴንሽኑን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይራችሁ መክፈት ትችላላችሁ።

አስተካክላችሁት በማግስቱ ሲመለስ

ፓዞቹ የሚመዘገቡት በፕሮፋይል፣ ማለትም በስም በተቀመጠ የኦፕሽንስ ቅንብር ነው። ኦፕሽንስ ላይ የመጨረሻው ታብ ፕሮፋይልስ ነው፤ ላዩ ላይ ከረንት ፕሮፋይል የሚለውን አንብቡ። ዴስክቶፑ ላይ ሁለት የአውቶካድ ሾርትከት ካለና አንዱ ታርጌቱ ላይ ወደ ፊት የተጋደመ መስመርና ፒ ፊደል ካለው በከፈታችሁት ቁጥር ያንን ፕሮፋይል ያነሳል፤ እናንተ ያስተካከላችሁት ሌላው ላይ ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፕሮፋይሉን ኤክስፖርት አድርጉ፤ ኤአርጂ ፋይል ይሰጣችኋል። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትወስዱት ግን በኖትፓድ ክፈቱትና የድሮው የዊንዶውስ ዩዘር ስም በውስጡ ካለ በአዲሱ ተኩት። ሳይተካ ኢምፖርት ከተደረገ አውቶካድ በሌለ ዩዘር ፎልደር ውስጥ የሜኑ ፋይሉን ይፈልጋል፣ ሪበኑም ባዶ ሆኖ ይመጣል።

ሁሉም ካልሠራ በስታርት ሜኑ ውስጥ በአውቶካድ ፎልደር ሥር ሪሴት ሴቲንግስ ቱ ዲፎልት አለ። ከመመለሱ በፊት ባክአፕ ልውሰድ ወይ ሲል አዎ በሉት። ከሪሴት በኋላ የቢሮውን አራት ፎልደሮች አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላም አንድ አስቸጋሪ ድሮዊንግ ክፈቱ፤ ችግሩ የሚመለሰው የትኛው ፎልደር ሲገባ እንደሆነ ያኔ ይታያል፣ ያንን ፎልደር ከፍታችሁ በውስጡ ስሙ ከአውቶካድ የራሱ ፋይሎች ከአንዱ ጋር አንድ የሆነ ፋይል ፈልጉ።